የሥጋ ምርመራ ከገበሬው ግቢ ይጀምራል

(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እኔ በእርሻ ኮሌጅ የተማርሁት ስለ አፈርና ስለ ዘር ነው። ዛሬ ግን ስለ ስንዴም ስለ ጤፍም አልነግራችሁም። የምነግራችሁ በከተማችሁ ቄራ ነጭ ገዋን ለብሶ ስለሚቆመው የሥጋ መርማሪ፥ ስለ ቢላዋውና ስለ ማኅተሙ ነው። «የእርሻ ሰው ከቄራ ምን አለው?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን ራሴ ከደረሰብኝ ነገር ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ወረዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በሬያቸው አርጅቶ ከቀንበር በወጣ ጊዜ፥ «እንዲሁ አይሽጡት፤ አድልበው ይሽጡት» ብዬ መከርኋቸው። እርሳቸውም ምክሬን ተቀብለው 4 ወር ሙሉ ጭዱን፥ አተላውንና የኑግ ፋጉሎውን እየመጠኑ ቀለቡት። በሬው ሞላ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ከአንድ ልኳንዳ ነጋዴ ጋር ተስማሙ፤ ስምምነቱም በሬው በቄራ ታርዶ፥ ተመርምሮ፥ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ዋጋው እንዲከፈል ነበር። በሬው ታረደ። መርማሪው ምላሱን ቢቆርጥ አገኘ፤ ልቡን ቢከፍት አገኘ፤ የትከሻውን ሥጋ ቢሰነጥቅ አገኘ። ሥጋው በሙሉ ለሰው ምግብ አይሆንም ተብሎ ተወገደ። ሽማግሌውም ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ወደ እኔ መጥተው፥ «ልጄ፥ በሬዬ ይበላል፥ ይጠጣል፤ አንድ ቀን እንኳ አልታመመም። ያ ሰውዬ ጉቦ ፈልጎ ነው ሥጋዬን ያስወገደው» አሉኝ። እኔም ነገሩ አናዶኝ አብሬያቸው ወደ ቄራው ሄድሁ። መርማሪው ሳይቆጣ ለማስረጃ አስቀርቶት የነበረውን ልብ አውጥቶ አሳየን። በሥጋው መካከል የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ፥ አንዳንዶቹም አተር የሚያክሉ፥ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ ፍሬዎች ተሰግስገው ነበር። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች። «ይህች ነጥብ የኮሶ ትል ራስ ናት» አለን። «አባባ፥ በሬዎ አልታመመም ማለትዎ እውነት ነው። በሬ ይህን ተሸክሞ ይበላል፥ ይጠጣል። የሚታመመው ሥጋውን በጥሬው የበላ ሰው ነው። ለመሆኑ ቤተ ሰብዎ የሚጸዳዳው ወዴት ነው?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። በሬው 4 ወር የታሰረበት መስክ ዳር የቤቱ ሰው ሁሉ ለመጸዳዳት የሚወጣበት ቦታ መሆኑን አውቅ ነበር። የበሬውን ቀለብ በኪሎ ስቆጥር፥ መጸዳጃ ጉድጓድ አለዎት ወይ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ስለዚህ የዚያ በሬ መጥፋት የእርሳቸው ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የእኔ ነበር። ዛሬ ይህን የምነግራችሁ ሌላው ገበሬና ሌላው የልማት ሠራተኛ ይህን ስሕተት እንዳይደግም ነው።

የኮሶ ትል ጉዞ

ኮሶ በአገራችን የቆየ ጠላት ስለ ሆነ የማያውቀው የለም። ነገር ግን ከየት እንደሚመጣ በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ወደ ሥጋው እንዴት እንደ ገባ ግን አይጠይቅም። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለ የጀርመን ሊቅ ከሰው የወጣውን የኮሶ ትል ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ፥ በጥጃው ሥጋ ውስጥ እነዚያን ነጫጭ ፍሬዎች አገኘ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ የታወቀ ነው። እንዲህም ነው።

ትሉ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ለዓመታትም ይኖራል። ከጅራቱ በኩል እንደ ሪባን ቁራጭ ያሉ ክፍሎች በየቀኑ እየተበጠሱ ከዓይነ ምድር ጋር፥ አንዳንድ ጊዜም በራሳቸው እየተሳቡ ይወጣሉ። በአንዱ ቁራጭ ውስጥ በዓይን የማይታዩ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎች አሉ። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ በሣሩ ላይ ይበተናሉ፤ ዝናብና ጎርፍም ወደ ታችኛው መስክና ወደ ከብት ውሃ ይወስዳቸዋል። እርጥበት ባለበት ቦታ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ።

ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል። እንቁላሉ በከብቱ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና ደሙን ተከትሎ ወደ ሥጋው ይሄዳል። ከ2 ወር ተኩል ገደማ በኋላ በሥጋው ውስጥ ለሰው የሚተላለፍ ፍሬ ይሆናል። ያን ሥጋ ሰው በጥሬው ወይም ለብለብ አድርጎ ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ይተከላል፤ ከ3 ወር ገደማ በኋላም ቁራጮቹ መውጣት ይጀምራሉ። ክቡ እንዲህ ይዘጋል፤ ከሰው ወደ ሣር፥ ከሣር ወደ ከብት፥ ከከብት ወደ ሰው።

ማሽላ የምትዘሩ ገበሬዎች አቀንጭራን ታውቃላችሁ። አንዲት አቀንጭራ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። አበባዋን አይቶ ከበተነች በኋላ የሚነቅላት ገበሬ ለሚመጣው ዓመት አልዳነም። የሥጋ መርማሪም በቄራ የሚያገኘው ዘሩ ተበትኖ፥ በቅሎ፥ ካፈራ በኋላ ነው። ዘሩ እንዳይበተን ማድረግ የሚቻለው በገበሬው ግቢ ነው።

መርማሪው ምን ያደርጋል?

በአገራችን የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 በ1970 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ሥራው ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ከመታረዱ በፊትና ከታረደ በኋላ።

ከመታረዱ በፊት ከብቱ ያርፋል። መርማሪው ሲቆምና ሲራመድ ያየዋል፤ ትኩሳት እንዳለው፥ አፍንጫው ወይም ዓይኑ እንደሚያዥ፥ እንደሚያነክስ፥ ሆዱ እንደ ተነፋ ይመለከታል። የታመመውን ለይቶ ያስቀራል።

ከታረደ በኋላ ጉንጩን፥ ምላሱን፥ ልቡንና የትከሻውን ሥጋ እየሰነጠቀ የኮሶ ፍሬ ይፈልጋል፤ ፍሬው በእነዚህ ቦታዎች ይበዛልና። ሳንባውንና ጉበቱን በእጁ ይዳስሳል፤ ዕጢዎቹንም ቆርጦ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንዳለ ያያል። ጥቂት ፍሬ የተገኘበት ሥጋ፥ ማቀዝቀዣ ባለበት ቄራ፥ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ብርድ ለ2 ሳምንት ሲቀመጥ ፍሬው ይሞታል። ብዙ የተገኘበት ግን በሙሉ ይወገዳል። ንጹሕ የሆነው ማኅተም ይመታበታል።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የጤና ተቆጣጣሪው ይረከባል። ወደ ልኳንዳ ቤቱ እየሄደ ሥጋው ማኅተም እንዳለው፥ ቢላዋውና ጠረጴዛው እንደሚታጠብ፥ ዝንብ እንደማይገባ፥ ሻጩ የጤና ምርመራ እንዳደረገ ይጠይቃል። እነዚህን ሰዎች እንደ ቀማኛ የምናይ ብዙዎች ነን። ነገር ግን አስቡ፤ የእናንተን በሬ ያስወገደው ቢላዋ ነገ ልጃችሁ በከተማ የሚበላውን ሥጋ ይጠብቃል።

ሆኖም አንድ ነገር መደበቅ አይገባኝም። መርማሪው ሥጋውን ሁሉ እየከተፈ ሊያይ አይችልም፤ እንዲህ ቢያደርግ የሚሸጥ ሥጋ አይተርፍም። ጥቂት ቦታ ብቻ ይሰነጥቃል። በአንድ ትልቅ ሰንጋ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ቢኖር ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ሥጋ ከሌለበት እጅግ ይሻላል፤ ለጥሬ መብል ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው እሳት ነው። የሥጋው መካከል ቀዩ መልኩ እስኪጠፋ፥ የሚወጣውም ጭማቂ ደም መምሰሉን እስኪተው ድረስ የበሰለ እንደ ሆነ ፍሬው ይሞታል። ለብለብ አይበቃም፤ ሚጥሚጣና አዋዜም፥ አረቄም ትሉን አይገድሉትም።

መርማሪ የሌለበት እርድ

እስካሁን የነገርኋችሁ ስለ ቄራ ነው። እኛ በገጠር ሥጋ የምንበላው ግን በአብዛኛው ከቅርጫ ነው። ለፋሲካ፥ ለመስቀል፥ ለገና፥ ለአረፋ፥ ለሠርግና ለተዝካር ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይጥላል፤ በሜዳ በቅጠል ላይ ይከፋፈላል። በዚያ ቦታ መርማሪ የለም። ስለዚህ የቅርጫው ማኅበር ራሱ መርማሪ መሆን አለበት። የሚከተሉትን ጠብቁ።

1. በሬውን ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ እዩት። የማይበላ፥ የማያመሰኳ፥ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያነክስ ከብት አትረዱ። «ሳይሞት እንድረስበት» ብሎ የታመመ ከብት ማረድ በሽታን ገዝቶ መከፋፈል ነው። መድኃኒት የተወጋ ከሆነም የከብት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ አይታረድ።

2. ከቀበሌው ወይም ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድማችሁ ጥሩ። ሊመጣ የማይችል እንደ ሆነ አንድ ጠንቃቃ ሰው መርጣችሁ ልብን፥ ምላስንና ትከሻን በንጹሕ ቢላዋ ሰንጥቆ እንዲያይ አድርጉ። ነጩን ፍሬ ካገኘ ያ ሥጋ በጥሬው አይበላ፤ ባለሙያው ሳያየውም አይከፋፈል።

3. ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ አትጣሉ። ይህ ከኮሶ የተለየ ትል ነው። ውሻው ያን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ደቃቅ ትሎች ይፈላሉ፤ እንቁላላቸው ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በጠጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል። በሰውም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት አቃጥሉት፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

4. በድንገት የሞተ ከብት አትብሉ፤ አትግፈፉ፤ አትክፈቱትም። በተለይ ሆዱ ፈጥኖ የተነፋ፥ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከብት በአባ ሰንጋ የሞተ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ዘር በፈላ ወጥ ሁልጊዜ አይሞትም፤ በአፈርም ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ሬሳውን ሲከፍቱት ዘሩ በመስኩ ላይ ይበተናል። ሰውና ውሻ እንዳይደርስበት አጥራችሁ፥ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ንገሩ። እርሱ በሚያዛችሁ መሠረት ይቃጠላል፤ ወይም በጥልቅ ይቀበራል። የገፈፈ ወይም የነካ ሰው በገላው ላይ መካከሉ የሚጠቁር ቁስል ቢያይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

5. አራጆቹ እጃቸውንና ቢላዋቸውን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። የጨጓራውን ፈርስ ከሥጋው አርቁ። ሥጋው በመሬት ላይ አይጎተት።

በግቢያችሁ የሚሠራው ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የኮሶን ክብ ለመስበር የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ዶማ፥ አካፋና የቤተ ሰብ ስምምነት ይበቃል።

አስቀድሞ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፥ ከውሃውም በታች ባለው ወገን ይሁን። በላዩ ጠንካራ ወለልና ክዳን ይኑረው፤ ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያውን በአፈር ከፍ አድርጉ። በአጠገቡ ውሃና ሳሙና፥ ሳሙና ከሌለ አመድ ይቀመጥ። በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ቀበሌ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ነገር ግን ለታይታ ተቆፍሮ ሸረሪት ያደራበትን በዓይኔ አይቻለሁ። የማይገባበት ጉድጓድ ኮሶን አያቆምም። እረኛ ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ቀኑን ሙሉ ከከብት ጋር በመስክ የሚውሉት እነርሱ ናቸው። በሜዳ ሳሉ የግድ ቢሆንባቸው ቆፍረው እንዲቀብሩ አስተምሯቸው።

ሁለተኛ፥ ትሉ ያለበትን ሰው አሳክሙ። ቁራጩን በልብሱ ወይም በዓይነ ምድሩ ያየ ሰው አይፈር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። አባቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ ይጠጡ ነበር፤ ትል ማስወጣቱም እውነት ነው። ግን መጠኑ በልክ ስለማይታወቅ፥ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። አንድ ሌላም ነገር አለ። ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉን የሚጥለው ወዴት ነበር? ወደ ጫካው ወይም ወደ መስኩ ነበር። እርሱ ዳነ፤ ከብቱ ግን የትሉን ዘር ወሰደ። ስለዚህ መድኃኒቱ የፈለገው ቢሆን፥ የወሰደ ሰው በመጸዳጃ ጉድጓድ ብቻ ይጠቀም።

ሦስተኛ፥ የምታደልቡትን ከብት ሰው ከሚጸዳዳበት መስክ አርቁ። በጋጣ አስራችሁ ከንጹሕ ቦታ የታጨደ ሣር ስጡት። ውሃውም ጎርፍ ከሚያጥበው ኩሬ አይሁን። የአትክልት ውሃችሁንም እንዲሁ ጠብቁ፤ ሰላጣና ጎመን በዚያው ጎርፍ ይበከላልና።

ለልማት ሠራተኞች

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህ ቃል ለእናንተ ነው፤ ለራሴም ጭምር ነው። አንድ ገበሬ ከብት ሊያደልብ ሲነሣ ስለ ቀለቡ ከመናገራችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። መጸዳጃ ጉድጓድ አለ ወይ? የቤቱ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል ወይ? ከቤተ ሰቡ ትል የሚያስቸግረው አለ ወይ? ጥያቄው ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት፤ በአክብሮትና ለብቻ ከተጠየቀ ሰው ይመልሳል። ከበዓል በፊት ያሉትን የቅርጫ ማኅበሮች መዝግባችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው አስታውቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም አማክሩ፤ የእርስዋ ጉድጓድና የእናንተ ድለባ አንድ ሥራ ነው። ቢቻላችሁም አምስት ስድስት ገበሬዎችን ወደ ቄራ ወስዳችሁ የመርማሪውን ሥራ በዓይናቸው እንዲያዩ አድርጉ። እኔ ለአንድ ወር ከምናገረው ይልቅ ያ የተሰነጠቀ ልብ በአንድ ጊዜ አስተማረ።

የሽማግሌውን ነገር ልጨርስላችሁ። ከቄራው ስንመለስ በመንገድ ብዙ አልተነጋገርንም። በሳምንቱ ቤተ ሰባቸውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱ፤ ከእነርሱም ውስጥ ትል የወጣላቸው ነበሩ። ራሳቸው ዶማ ይዘው ጉድጓዱን ቆፈሩ፤ ልጆቻቸውም አገዟቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በሬ በጋጣ አስረው አደለቡ። በቄራው ሲመረመር እኔም እርሳቸውም አጥሩ ላይ ተደግፈን ጠበቅን። መርማሪው ምላሱን ቆረጠ፤ ልቡን ከፈተ፤ ትከሻውን ሰነጠቀ፤ ከዚያም ማኅተሙን አነሣ። ሽማግሌው፥ «እንግዲህ ይህን ሰውዬ አልሰድበውም» አሉኝ። የመጀመሪያው በሬ ዋጋ ግን አልተመለሰም። የ4 ወር ቀለቡና ድካሙ እንደ ወጣ ቀረ።

እናንተ ይህን ዋጋ ሳትከፍሉ ተማሩ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከብታችሁ የታሰረበትን ቦታ እዩ፤ ቀጥሎም የቤታችሁ ሰው ወዴት እንደሚወጣ እዩ። ሁለቱ ቦታ ከተቀራረበ ዛሬውኑ ዶማችሁን አንሡ።